ምግቤ ሳይጓደል ደሜ ለምን አነሰ?

የምሠራበት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለዓመታት ያለ ችግር የወጣሁትን ደረጃ፣ ከጊዜ በኋላ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ መደገፊያውን ሳልይዝና የልቤ ትርታ እስኪረጋጋ ሳልጠብቅ መጨረስ አቃተኝ። መጀመሪያ የሥራ ብዛት ነው አልኩ፤ ቀጥሎም የእንቅልፍ እጥረት ነው ብዬ ተውኩት። ፀጉሬ በማበጠሪያው ላይ እየበዛ መቅረቱን፣ ጥፍሮቼ በትንሽ በትልቁ መሰበራቸውን፣ ከማቀዝቀዣው በረዶ እያወጣሁ መቆርጠም ማዘውተሬን አንድ ላይ አያይዤ አላየኋቸውም ነበር። በረዶ የመቆርጠም አምሮት የብረት እጥረት ከሚታይባቸው ምልክቶች አንዱ መሆኑን ያወቅኩት ሐኪሙ «የተለየ ነገር ያምርዎታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ያለበት ፕሮቲን፣ በዴሲ ሊትር 9.1 ግራም ሆኖ ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላልሆነች አዋቂ ሴት የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 12 ነው። በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያመለክተው ፌሪቲን ደግሞ በሊትር 6 ማይክሮ ግራም ነበር፤ ከ15 በታች ሲወርድ ጎተራው ባዶ ሆኗል እንደማለት ነው።

ውጤቱ ካስደነገጠኝ ይልቅ ግራ አጋባኝ። ሥጋ የምበላው አልፎ አልፎ ቢሆንም ምስር፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ከማዕዴ ጠፍተው አያውቁም፤ በደንብ ከሚመገቡት ሰዎች መካከል ራሴን እቆጥር ነበር። ሐኪሙ የምበላውን ሁሉ ከሰማ በኋላ ከምግቡ ጋር ምን እንደምጠጣ ጠየቀኝ። ሻይ እንደሆነ ነገርኩት። መቼ እንደምጠጣው ሲጠይቀኝ፣ ምግቡን ሳልጨርስ እንደምጀምረው፣ በቀንም ሦስት ጊዜ እንደምጠጣ መለስኩለት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያስረዳኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ሰውን የሚመግበው የዋጠው ሳይሆን ከአንጀቱ አልፎ ወደ ደሙ የሚገባው ነው አለኝ።

በምግብ ውስጥ የሚገኘው ብረት ሁለት ዓይነት ነው። በሥጋ፣ በዓሣና በዶሮ ውስጥ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ ሄም በሚባል ቅርጽ የተያዘ ስለሆነ አንጀት በቀላሉ ይቀበለዋል፤ አብሮት የሚበላው ነገርም እምብዛም አያውከውም። በጥራጥሬ፣ በእህልና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ግን በመንገዱ ላይ ብዙ የሚይዘው ነገር አለ። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉት ታኒንን የመሰሉ ውህዶች ከብረቱ ጋር ተጣብቀው አንጀት ሊወስደው የማይችል ነገር ያደርጉታል፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሊሰርግ ይችል ከነበረው ብረት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሊያስቀር ይችላል። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ውህድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። 200 ግራም ያህል የበሰለ ምስር 6 ሚሊ ግራም ገደማ ብረት አለው፤ እኔ ግን ያንን ምስር በየዕለቱ በሻይ እያጀብኩ አብዛኛውን ብረት መልሼ አስወጣው ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ የመጀመሪያው ሐሳቤ ብዙ መብላት ነበር፤ ይህም ስህተት ሆኖ ተገኘ። ለሁለት ሳምንት ያህል ስፒናች በጠዋትም በማታም በላሁ። ስፒናች ብረት ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ሌሎች ውህዶች ብረቱን አጥብቀው ስለሚይዙት አንጀት የሚያገኘው ድርሻ አነስተኛ ነው። መጠኑን መጨመር የሚረዳው በሩ ሲከፈት መሆኑን ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ በደብተር ላይ ሦስት መስመር አሰመርኩ፤ የበላሁትን፣ አብሬ የጠጣሁትን፣ ሰዓቱን። በሳምንቱ መጨረሻ ገጹን ሳየው ሻይ ያልነካው አንድም ምግብ አልነበረም። ሻይ መተው አላስፈለገኝም፤ ሰዓቱን ብቻ ለወጥኩ። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቼ መጠጣት ጀመርኩ። ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በእርግጥ ከባድ ነበሩ፤ እጄ በልማድ ወደ ማንቆርቆሪያው ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የረዳኝ የሻይ ብርጭቆዎቹን ከምግብ ጠረጴዛው አንስቼ ሌላ ክፍል ውስጥ ማስቀመጤ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ቫይታሚን ሲን ከምግቡ ጋር አብሮ ማቅረብ ነበር። ይህ ቫይታሚን ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት አንጀት ወደሚቀበለው ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ሆኖም ሥራውን የሚሠራው በዚያው ምግብ ላይ አብሮ ሲገኝ ነው። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ምስር አይደርስለትም። ከዚያ ወዲህ ምስሩ ላይ ጥሬ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፌ እጨምራለሁ፤ ሎሚ የምጨምቅበትም ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይጠፋል፣ በመቀቀያው ውኃ ውስጥም ሟሙቶ ይደፋል።

ሦስተኛውን ለውጥ ከሁሉም አብልጬ ወድጄዋለሁ። ምስሩን ማታ በጎድጓዳ ሳህን ዘፍዝፌ፣ ጠዋት ውኃውን ደፍቼ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሼ አቆየዋለሁ። በማግሥቱ ከእያንዳንዱ ፍሬ አፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ ጭራ ብቅ ትላለች። ዘሩ ሲነቃ ለራሱ ዕድገት የሚያስፈልገውን ማዕድን ለማውጣት ፋይቴቱን ማፍረስ ይጀምራል፤ እኛም ከዚያ ሥራው እንጠቀማለን። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ከጥንት ጀምሮ በወጥ ቤት የኖሩ ጥበቦች ናቸው፤ ያን ጭራ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ስናገር ምግብ ብቻውን አዳነኝ እያልኩ አለመሆኔን አንባቢ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ሄሞግሎቢን ወደ 9 ከወረደና ጎተራው ከተሟጠጠ በኋላ ምግብ ብቻ ቶሎ አይሞላውም፤ ሰውነት ከምግብ በቀን የሚወስደው ብረት በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ የብረት እንክብል ታዘዘልኝ። ከዚህ በፊት በራሴ ፈቃድ ገዝቼ ጀምሬ፣ ሆዴን ስላደረቀኝ በአምስተኛው ቀን ጥዬው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ችግሩን ለሐኪሙ በግልጽ ስነግረው በየቀኑ መውሰዱን ትቼ አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አደረገ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ አንድ እንክብል ከተወሰደ በኋላ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አብዝቶ እንደሚያመነጭና ይህም የአንጀትን በር ለአንድ ቀን ያህል እንደሚያጠብበው ነገረኝ። በማግሥቱ ከሚዋጠው እንክብል አንጀት የሚወስደው ድርሻ ያነሰ ነው ማለት ነው። እንክብሉን ከወተት ጋር እወስድ እንደነበርም ያን ቀን ተናዘዝኩ፤ ካልሲየም ብረቱን ስለሚያውከው እሱንም ተውኩ።

ከዚህ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ሐኪሙ «ብረቱ የት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄ አለመተዉን ነው። የደም ማነስ በሽታ ብቻ ሳይሆን የሌላ በሽታ ምልክትም ሊሆን ይችላል፤ የጨጓራ ቁስል ወይም የአንጀት መድማት ሳይታወቅ ለወራት ደም ሊያፈስ ይችላል። በእኔ በኩል ከሻይው ሌላ የወር አበባዬ መብዛት አንድ ምክንያት ሆኖ ተገኘ፤ እኔ ግን ለዓመታት የሁሉም ሴት ዕጣ ነው ብዬ ዝም ብዬው ነበር። ድካም የተሰማው ሁሉ ሳይመረመር ብረት ሊውጥ አይገባም የምለውም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን የተረፈውን ብረት ማስወጫ መንገድ የለውም፤ ትርፉ በጉበትና በልብ ላይ ይከማቻል። እንክብሉም ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ስለሆነ ከእጃቸው መራቅ አለበት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ሄሞግሎቢኔ 10.7 ደረሰ። በረዶ የመቆርጠም አምሮቱ ግን ከዚያ ቀድሞ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ፣ መቼ እንደተወኝ እንኳ ሳላስተውል ጠፍቶ ነበር። በሦስተኛው ወር 12.8 ሲሆን ለመተው ቸኩዬ ነበር፤ ሐኪሙ ፌሪቲኑን አሳየኝና ገና 21 መሆኑን ነገረኝ። ሰውነት በመጀመሪያ የሚያገኘውን ብረት ለደሙ ያውላል፣ ጎተራውን የሚሞላው ከተረፈው ነው፤ ስለዚህ እንክብሉን ሦስት ወር ጨመርኩ። ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለሆነ ነገሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ መሆኑ አያስገርምም። ደግሞም ደም የሚሠራው ከብረት ብቻ አይደለም፤ በቅጠላ ቅጠልና በጥራጥሬ የሚገኘው ፎሌት፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ 12ም ያስፈልጉታል፤ እኔም በሳምንት ጥቂት ጊዜ እንቁላልና ዓሣ መብላት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በስድስተኛው ወር ፌሪቲኔ 48 ሆነ፤ እንክብሉም ቆመ። የወር አበባዬን የሚመለከተው ሕክምና አሁንም ቀጥሏል፤ ፌሪቲኔንም በየስድስት ወሩ እለካለሁ። የሻይ ብርጭቆዎቹን ወደ ምግብ ጠረጴዛው አልመለስኳቸውም።