አንድ ከተማ፣ ሁለት ቡድን፦ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ ኢንዲያናን እንዴት እንደምከታተል

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ግድግዳ ላይ የምለጥፈውን የጨዋታ ፕሮግራም አይተው «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ እንዴት ነው የምትከታተይው?» የሚሉኝ ተማሪዎች በርክተዋል። ባንኮኒ ላይ ቆሜ ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው አልኩ። የምደግፈው የአሜሪካዋን ኢንዲያና ግዛት ሁለት የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ነው፤ በወንዶቹ ሊግ በኤንቢኤ ፔሰርስን፣ በሴቶቹ ሊግ በደብሊው ኤንቢኤ ፊቨርን። ሁለቱም ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ አንድ አዳራሽ ይጋራሉ። የወንዶቹ ውድድር በጥቅምት ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ የሴቶቹ ግንቦት ላይ ይጀምርና መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ያበቃል። ሁለቱን የያዘ ሰው ዓመቱን ሙሉ ኳስ አያጣም።

ወደ ኢንዲያና የወሰደኝ ፓስካል ሲያካም ነው። ካሜሩናዊ ነው። አባቱ ልጄ ካህን ይሁንልኝ ብሎ በልጅነቱ ሴሚናሪ አስገብቶት ነበር። ይህን ያነበብኩ ዕለት ነው ልቤ የቀረበው፤ ጎጃም ውስጥ ከዘመዶቹ መካከል ኮሮጆ አንግቶ ቅኔ ቤት የገባ ልጅ የሌለው ማን አለ? ሲያካም ኳስን በወጉ የያዘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተዘጋጀ የወጣቶች ካምፕ ተካፍሎ፣ ከዚያ አሜሪካ ገባ። በ2011 ዓ.ም. ያኔ ይጫወትበት የነበረው ቶሮንቶ ጎልደን ስቴትን በፍጻሜው በጨዋታ ብዛት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሳ፣ በመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ 17 ሞክሮ 14ቱን አስገብቶ 32 ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ እሱ የሄደበት ሁሉ እኔም አለሁ።

ደጋፊነቴ የተፈተነው በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ነው። ስልክ መደወል ይቻል ስለነበር አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ መላ ዘየደ። ማታ ይደውልልኝና የጨዋታውን ሰንጠረዥ ያነብልኛል፤ እኔ በመስመር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። የተጫዋች ስም፣ የተጫወተበት ደቂቃ፣ ስንት ሞክሮ ስንት እንዳስገባ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ)፣ አሲስት (ለሚያስቆጥር ሰው የተሰጠ ኳስ)፣ ያስነጠቀው ኳስ፣ የሠራው ፋውል። ስልኩ ሲዘጋ ደብተሩን ፊቴ ዘርግቼ ጨዋታው እንዴት እንደሄደ ከቁጥሩ ላይ ለማየት እሞክራለሁ። ይህ ተጫዋች ለምን 22 ደቂቃ ብቻ ተሰለፈ? ፋውሉን እይ፤ አምስት ነው። ይህ ቡድን በውርወራ ተበልጦ እንዴት አሸነፈ? ሪባውንዱን እይ። ቀስ በቀስ ሰንጠረዡ ይናገረኝ ጀመር።

የሴቶቹንም ያገኘሁት በዚያው መንገድ ነው። ጥቅምት 2016 መጀመሪያ ላይ የወንዶቹ ውድድር ገና አልተከፈተም። ወንድሜ ደውሎ «ዛሬ የወንዶች የለም፤ የሴቶቹን የፍጻሜ ጨዋታ ላንብብልሽ?» አለኝ። ላስ ቬጋስ ኒው ዮርክን 70 ለ 69 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደበት ጨዋታ ነበር። ላስ ቬጋስ ሁለት ቋሚ ተሰላፊዎቹ፣ ቼልሲ ግሬይና ካያ ስቶክስ፣ ተጎድተውበታል። በሰው ሜዳ፣ ሁለት ሰው ጎድሎ፣ በአንድ ነጥብ! የላስ ቬጋሷ ኤጃ ዊልሰን 24 ነጥብና 16 ሪባውንድ። ያንን ገጽ ደጋግሜ አየሁት፤ የጎደሉትን ሰዎች ሥራ ማን ማን እንደተከፋፈለ እያሰላሁ አመሸሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ለሁለት ተከፈለ፤ ከፊት ወንዶች፣ ከኋላ ሴቶች።

በጥምቀት ሰሞን ደግሞ «ሲያካምሽ ኢንዲያና ገባ» ብሎ ደወለ። እኔም ገባሁ። ክረምት ላይ ኢንተርኔቱ ብቅ ጥልቅ ማለት ሲጀምር ኢንዲያናን ስፈልግ ያገኘሁት ሴቶቹን ነው። በዚያው ዓመት ኬትሊን ክላርክ በድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት) አንደኛ ተመርጣ ፊቨር ገብታለች። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች 8ቱን ተሸንፎ ነበር፤ በመጨረሻ ግን 20 አሸንፎ በ20 ተሸንፎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወዳለው የጥሎ ማለፍ ዙር፣ አለፈ። ፔሰርስም በቀጣዩ ዓመት ተመሳሳይ መንገድ ሄደ፤ ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች 15ቱን ተሸንፎ ወቅቱን 50 ለ 32 ጨረሰ። ስለዚህ ለአዲስ ደጋፊ የምለው አንድ ነገር አለ፦ በመጀመሪያው ወር ውጤት ቡድን አትለውጡ።

አሁን ስለ ማየቱ ላውራ፤ እኔን የጠቀመኝ ይሄ ነውና። የዳታ ብር እንዳያልቅብኝ ቪዲዮውን በ144 ጥራት ነው የማየው። በዚያ ጥራት ኳሷ ትጠፋለች። ከአንድ እጅ ወጥታ ሌላ እጅ ላይ እስክትታይ የት እንዳለች አይታወቅም። ኳሷን ማየት ካልቻልኩ ሰዎቹን ልይ አልኩና ዓይኔን ወደ እግራቸው አወረድኩ። የፊቨሯ ሴንተር አሊያ ቦስተን ወደ ላይ ወጥታ የክላርክን ተከላካይ በሰውነቷ ትጋርዳለች፤ ስክሪን የሚሉት ነው። ክላርክ በጎኗ ስታልፍ ሁለት ተከላካዮች አንድ ላይ ይደናገራሉ፤ ክላርክን ይከተሉ ወይስ ቦስተንን? በዚያች ቅጽበት ቦስተን ዞር ብላ ወደ ቅርጫቱ ትሮጣለች፣ ፓሱ እጇ ይገባል። ሌሎቹ ሦስቱ ዝም ብለው አልቆሙም፤ ጥግ ጥጉን ይዘው ተከላካዮቻቸውን ከቅርጫቱ ያርቃሉ። ያ መራራቅ ባይኖር ፓሱ መግቢያ አያገኝም ነበር።

ክላርክ በሐምሌ 2016 በዳላስ ላይ በአንድ ጨዋታ 19 አሲስት ስትሰጥ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረች። ቡድኗ ግን 101 ለ 93 ተሸነፈ። ደብተር ይዞ ለሚያይ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ማጥቃቱ ሞልቶ መከላከሉ ከፈሰሰ 19 አሲስትም አያድንም። በዚያው የውድድር ወቅት ፍጻሜ ደግሞ ተቃራኒውን አየሁ። የኒው ዮርኳ ሳብሪና ዮኔስኩ በአምስተኛው ጨዋታ 19 ሞክራ ያስገባችው 1 ብቻ ነው፤ ቡድኗ ሚኒሶታን በተጨማሪ ሰዓት 67 ለ 62 አሸንፎ በታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ።

ብዙ ሰው «የሴቶቹ ቀዝቀዝ ይላል» ይለኛል። እኔ አልስማማም። ሴቶቹ በ10 ደቂቃ ሩብ 40 ደቂቃ ነው የሚጫወቱት፤ ወንዶቹ በ12 ደቂቃ ሩብ 48። ወንዶቹ ዘንድ በአቋቋም የተፈጠረን ክፍተት አንድ ረጅም ሰው ዘሎ ይዘጋዋል። ሴቶቹ ዘንድ ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ በእግርና በሐሳብ ነው የሚዘጋው፤ ስለዚህ ጨዋታው እንዴት እንደተሠራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቅርጫት ኳስን ማንበብ የተማርኩት ከፊቨር ነው። ከዚያ ተመልሼ ፔሰርስን ሳይ ታይሪስ ሃሊበርተንና ሲያካም ያንኑ ሲሠሩ አገኘኋቸው፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው የጨመረው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ተማሪዎቹ ሁሌም የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ኢንዲያና ማታ በእነሱ 7 ሰዓት የሚጀምረው ጨዋታ በበጋችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በክረምታችን ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት። አሜሪካኖች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፣ እኛ አንለውጥም። ለውጡ የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲገባ አንዴ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ጊዜ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ፕሮግራሙን እንደገና አስልቼ አትማለሁ። የሴቶቹ ትልቅ በረከት የቅዳሜና የእሑድ የቀን ጨዋታ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ቀን 1 ሰዓት ወይም 3 ሰዓት ሲሆን ለእኛ በእነሱ አቆጣጠር 8 እና 10 ሰዓት ማታ ይሆናል፣ ማለትም በእኛ ምሽት 2 እና 4 ሰዓት። ክረምት ላይ የእንግሊዝ ሊግ ዕረፍት ስለሆነ እቤት የሚጨቃጨቀኝ የለም፤ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አገናኝቼ ከእህቶቼ ጋር ቡና እየጠጣን እናያለን። የፈረንጆቹ ገና ዕለትም እንዲሁ ነው፤ ኤንቢኤ በዚያ ቀን አምስት ጨዋታ ያካሂዳል፣ የመጀመሪያው በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ይጀምራል።

ወንዶቹ በወቅቱ 82፣ ሴቶቹ በ2017 ክረምት 44 ጨዋታ ነበራቸው። ሁሉንም ለማየት የሚሞክር ሰው ሥራውንም ጤናውንም ያጣል። እኔ ሌሊት የምነሳው ለፕሌይኦፍ ብቻ ነው። የቀረውን ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት በቅንጭብ አያለሁ፣ ሰንጠረዡን እገለብጣለሁ። በተነሳሁባቸው ሌሊቶች እናቴ ለኪዳን ስትወጣ እኔ አራተኛው ሩብ ላይ ነኝ፤ «ዛሬስ እንዴት ናቸው ልጆችሽ?» ብላኝ ነው የምታልፈው።

በ2017 ከሚያዝያ እስከ ሰኔ «ልጆቼ» ፔሰርሶች እንቅልፍ ነሱኝ። ሚልዋኪን፣ ክሊቭላንድን፣ ኒው ዮርክን፣ ኦክላሆማ ሲቲን፤ በአራቱም ላይ ያለቀለት የመሰለ ጨዋታ ገልብጠው አሸነፉ። በኒው ዮርክ ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ሲቀር ተጋጣሚያቸው በ14 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ሃሊበርተን በመጨረሻዋ ቅጽበት የወረወራት ኳስ ብረቱን መታች፣ ወደ ሰማይ ነጠረች፣ ተመልሳ ገባች። በተጨማሪ ሰዓት 138 ለ 135። በኦክላሆማ የመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ ደግሞ ኢንዲያና በ48 ደቂቃ ውስጥ የመራው ለ0.3 ሰከንድ ብቻ ነው፤ 111 ለ 110። ጩኸቴ ግቢውን ቀሰቀሰው። ሌሊት ተነስቶ ማየት የሚገባው ጨዋታ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ተነስታችሁ ከጀመራችሁ ሳያልቅ አትተኙ።

ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ሃሊበርተን ሦስት ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቶ 9 ነጥብ ላይ እንዳለ፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ፣ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ሜዳውን በእጁ ሲመታ ሳይ አለቀስኩ። 103 ለ 91 ተሸነፍን። ፔሰርስ በኤንቢኤ አንድም ዋንጫ የለውም፤ ይህ ሁሉ ዓመት የጠበቁ ሽማግሌዎች እዚያ ከተማ አሉ፣ ለእነሱም አዘንኩ።

ሁለት ቡድን መያዝ ጥቅሙ የታየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰኔ ሳያልቅ ፊቨር ክላርክ ተጎድታ ሳትሰለፍ ሚኒሶታን 74 ለ 59 አሸንፎ በወቅቱ መሃል የሚካሄደውን የኮሚሽነር ዋንጫ ወሰደ። የዚያው ከተማ ሌላው ቡድን። ክላርክ በዚያ ወቅት የተጫወተችው 13 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሌሎችም ጋርዶች (ኳስ ይዘው ጨዋታውን የሚመሩት) ተራ በተራ ተጎድተው ወደቁ። ሆኖም በወቅቱ መሃል የተቀጠረችው ኦዲሲ ሲምስ፣ ቦስተንና ኬልሲ ሚቸል ቡድኑን ይዘው ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ መስከረም 2018 ላይ በላስ ቬጋስ በአምስተኛው ጨዋታ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ 107 ለ 98 ተሸነፉ። በዚያ ቡድን ኮርቻለሁ።

ሱቄ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ፕሮግራሙን እያነበቡ «እኛም እንጫወት» ማለት ሲጀምሩ ወደ ሜዳ ተመለስኩ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጋርድ ነበርኩ። የሜዳው ቀለም ስለጠፋ በሜትር ለካን፤ ከቅርጫቱ መሃል 6.75 ሜትር፣ በኖራ አሰመርነው። የኤንቢኤ መስመር ፊት ለፊት 7.24 ሜትር እንደሚርቅ ስነግራቸው አንዷ ሄዳ ቆማ ለካችው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ኳሱ ነው። ልጆቹ የሚወረውሩት የወንዶቹን 7 ቁጥር ነበር። የሴቶች ኳስ 6 ቁጥር ነው፤ ዙሪያው 72.4 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የወንዶቹ ወደ 75 ይጠጋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ አንድ 6 ቁጥር ላከልን። ኳሱ በመጣ ሰሞን ከደረታቸው ይገፉት የነበሩት ልጆች ክንዳቸውን ከፍ አድርገው በአንድ እጅ መወርወር ጀመሩ። የስፖርት መምህራን ይህን ካነበባችሁ፣ ለሴቶች ልጆች ከማሊያም ከጫማም በፊት 6 ቁጥር ኳስ ግዙላቸው።

ግንቦት ላይ ሁለቱ ሊጎች ስለሚደራረቡ ፕሮግራሙን በሁለት ወረቀት ነው የማትመው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ነን፤ ደብተሩም አብሮኝ ይመጣል፣ የልጆቹንም ሰንጠረዥ መያዝ ጀምሬያለሁ።