ግራንድ ጀንክሽን፦ ዶልተን ትራምቦ ባኞው ውስጥ

የኮሎራዶዋ ግራንድ ጀንክሽን ከዴንቨር በስተምዕራብ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መኪና ያለው አይ-70 የተባለውን አውራ ጎዳና ይይዛል። በበረዶ ወራት ግን ተራራው ላይ መንገዱ አልፎ አልፎ ስለሚዘጋ እኔ ባቡሩን መረጥኩ። ካሊፎርኒያ ዜፈር ጠዋት ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ስምንት ሰዓት ያህል ይጓዛል። ሐዲዱን ከጭነት ባቡሮች ጋር ስለሚጋራ ይዘገያልና ለዚያው ዕለት ማታ ቀጠሮ መያዝ አያዋጣም።

ከጣቢያው ወጥቶ ሜይን ስትሪትን ይዞ ወደ ምሥራቅ ማቅናት ነው። ስድስተኛው መንገድ እንደታለፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተከፈተው አቫሎን ቴአትር ደጃፍ ላይ፣ የነሐስ ሰው ባኞ ውስጥ ተቀምጦ ይጽፋል፤ የሆሊውዱ የፊልም ጸሐፊ ዶልተን ትራምቦ ነው። ሐውልቱ የቆመው በ2007 ነው። ትራምቦ በእርግጥም እንዲህ ይሠራ ነበር፤ ገንዳው ላይ ጣውላ አጋድሞ፣ ሲጋራውን እያጨሰ። በ1905 ሞንትሮዝ ተወልዶ ያደገው እዚህ ነው፤ በወጣትነቱም ለከተማዋ ጋዜጣ ዘግቧል። በ1935 ያወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ግን የአገሬውን ሰው አስቀየመ። ዛሬ ዋናው ጎዳና ላይ ቦታ ማግኘቱ ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው።

ፎቶ አንስቶ ከማለፍ በፊት ያ ጣውላ ምን እንደተሸከመ ማወቅ ይገባል። በ1947 የኮንግረስ ኮሚቴ «ኮሚኒስት ነህ ወይ?» ሲለው መልስ ባለመስጠቱ በ1950 አሽላንድ፣ ኬንታኪ ታስሮ አሥር ወር ያህል ቆየ። የፊልም ኩባንያው ኤምጂኤም በሳምንት 3,000 ዶላር ይከፍለው የነበረ ሰው፣ ስቱዲዮዎች ሥራ የሚነፍጓቸው ሰዎች ጥቁር መዝገብ ከገባ በኋላ «ጋን ክሬዚ» የተባለውን ፊልም በ3,750 ዶላር ጻፈ፤ ያውም በሌላ ጸሐፊ ስም። ዋጋው ሲወርድ ብዙና ቶሎ ቶሎ መጻፍ ግድ ሆነበት። «ሮማን ሆሊዴይ» በወዳጁ በኢያን ማክሌላን ሃንተር ስም ወጥቶ ኦስካሩን ሃንተር ወሰደ። በ1957 ደግሞ «ዘ ብሬቭ ዋን» ሲያሸንፍ ሮበርት ሪች የተባለው ጸሐፊ ከየት ይምጣ? ሪች ራሱ ትራምቦ ነበር። ስሙ ወደ ስክሪን የተመለሰው በ1960 በ«ስፓርታከስ» እና በ«ኤክሶደስ» ነው። የ«ዘ ብሬቭ ዋን» ኦስካር በ1975፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ደረሰው፤ የ«ሮማን ሆሊዴይ»ን በ1993 ባለቤቱ ክሊዮ ተቀበለችለት።

ትውልድ ቦታውን ማየት የሚሻ በዩኤስ 50 ወደ ደቡብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል፤ የመንገደኛ ባቡር እዚያ አይደርስም። ወደ ዴንቨር ለሚመለስ ግን ቦልደር ይሻላል፤ ከዩኒየን ስቴሽን በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በተማረበት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ፏፏቴ ከ1993 ጀምሮ በስሙ ይጠራል።