ለእናቴ የሚሆን አልጋ፦ ከዴንቨር ትሬለር እስከ ሽምብጥ ግቢ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ነኝ፤ ሽምብጥ፣ እናቴ ቤት። ዘመድ ለመጠየቅና ጣናን ለማየት ብቻ አልመጣሁም። የትሬለራችንን የመኝታ ክፍል ልክና ፎቶ በስልኬ ይዤ ነው የመጣሁት። ትሬለሩ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ቆሟል። በመጪው ሰኔ እዚያ ውስጥ የምትተኛው ግን እናቴ ስለሆነች፣ እንጨት ከመቁረጤ በፊት የእሷን ልክ መውሰድ ፈለግሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ትራቭል ትሬለር የሚባለው በመኪና እየተጎተተ የሚሄድ፣ ምድጃም መጸዳጃም መኝታም ያለው፣ በጎማ ላይ የተሠራ ቤት ነው። አሜሪካውያን በዕረፍት ቀናቸው ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ ዳር ይዘውት ይወጣሉ። የእኛ አሮጌ ነው፤ የሰፈራችን ሰው ሲሸጥ የገዛነው። ከኋላ ጥጉ ላይ ሁለት ተደራራቢ አልጋ ነበረው። ፋብሪካው ሲሠራው ልጆችን አስቦ ነው፦ የእያንዳንዱ ስፋት 71 ሳንቲ ሜትር፣ የታችኛው ከወለሉ እምብዛም ያልራቀ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተትም አዋቂ ሰው ቀና ብሎ የማይቀመጥበት።

እናቴ ነገሩን በስልክ ስነግራት «ቤት እያላችሁ ሜዳ ላይ ምን ያሳድራችኋል?» አለችኝ። ደህና ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ባለፈው እኛ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ነው። እኔ ሌሊት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ስትጠብቅ ትውል ነበር። «ኑ ቡና ጠጡ» የሚል ጎረቤት የለ፣ በእግሯ የምትደርስበት ቤተ ክርስቲያን የለ። ወላጁን ያስመጣ የአገሬ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስንት ዓመት ናፍቀን፣ ስንት ወረቀት አሯሩጠን አምጥተናቸው፣ ከእነሱ ጋር የምንቀመጥበት ሰዓት እናጣለን። ትሬለሩ ተራራ ላይ ሲቆም ግን ሁላችንም አንድ ቦታ ነን። ስልክ አይሠራም፣ ለትርፍ ሰዓት የሚጠራኝ አለቃ የለም። ልጆቼ አያታቸውን በደንብ የሚያውቁት እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው አልጋው የሚያስጨንቀኝ።

አሮጌውን አልጋ ከመምጣቴ በፊት ነቅዬ አውጥቼዋለሁ። ይህን ሥራ ለምታስቡ ሁሉ የምለው፣ መጀመሪያ ውኃውን ፈልጉ ነው። የጣሪያውና የግድግዳው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ በፀሐይና በውርጭ ይሰነጠቃል። ውኃው ቀስ ብሎ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ይወርድና ጥግ ላይ፣ ብዙ ጊዜም አልጋው ሸፍኖ በያዘው ቦታ፣ ይጠራቀማል። እኛም ፍራሹን ስናነሣ ግድግዳው ጠቁሮ፣ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ ሆኖ ጠበቀን። ልባሱን ገልጬ የበሰበሰውን እንጨት ቀየርኩ፣ ጣሪያው ላይ ወጥቼ መገጣጠሚያውን እንደገና አሸግሁ፣ ከዚያም ደህና ዝናብ ወርዶበት ውስጡ ደረቅ መሆኑን ሳላይ አልሸፈንኩትም።

ወደ ባሕር ዳሩ ልመለስ። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። በዚህ ከተማ ከእሳቸው እጅ የወጣ ቁም ሣጥንና አልጋ የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ማነው የሚተኛበት?»

«ታች እናቴ፣ ጋሼ። ላይ ትንሿ ልጄ።»

«እንግዲያው ፎቶውን ተወውና እናትህን ጥራት።»

እናቴ ከማድ ቤት መጣች። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጧትና እግሯ ወለሉን ሙሉ በሙሉ መርገጡን አዩ። ከወለል እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ለኩ፦ 43 ሳንቲ ሜትር። «ምን ልትሰፉልኝ ነው?» አለች። ከዚያ «እስቲ ተነሺ» አሏት፤ ተነሣች። «ተቀመጪ፣ እንደገና ተነሺ።» እኔ ሜትሩን ይዤ ቁጥር ስጠብቅ፣ እሳቸው የሚያዩት ራሷን ነበር። «አየህ? ስትነሣ መጀመሪያ ራሷን ወደ ፊት ትሰዳለች። ከላይ ያለው አልጋ ከታችኛው እኩል ከሆነ ግንባሯን ይመታታል፤ ማታ በጨለማ ደግሞ ይብሳል።»

ከዚያ የወጣው መፍትሔ ቀላል ነው፤ እኔ ብዙ ቪዲዮ አይቼ አላገኘሁትም ነበር። የታችኛው አልጋ ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ የላይኛው በ71 ይቀራል። እናቴ ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ ከራሷ በላይ ያለው የትሬለሩ ጣሪያ እንጂ ጣውላ አይሆንም። በዚያ ላይ 96 ማለት አሜሪካ ውስጥ የተለመደው የአንድ ሰው ፍራሽ ስፋት ስለሆነ፣ የትሬለር ፍራሽ በልዩ ትእዛዝ ማሠራት ሳያስፈልግ ከማንኛውም ሱቅ ይገዛል።

በማግስቱ አጎቴ ግቢው ውስጥ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተከሉ። በሲባጎ የትሬለሩን ጥግ በትክክለኛው ልክ ሠሩልኝ፤ የጣሪያውን ከፍታ 198 ሳንቲ ሜትር ላይ ገመድ ወጠሩ። ለታችኛው አልጋ ድንጋይ ደርድረው ጣውላ አጋደሙ፣ ፍራሽ አነጠፉ። እናቴ ገባች፣ ጋደም አለች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ተነሥታ ተቀመጠች። የላይኛውን አልጋ የሚወክለውን አጣና ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ቀና ብላ መቀመጥ የምትችልበት ላይ ሲደርሱ ቋሚው ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ፦ ከወለል 130 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ የአልጋው ማዕቀፍና ፍራሽ ሲደመር ለልጄ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀራታል። ቁጭ ማለት አትችልም፤ ተኝታ ማንበብ ግን ትችላለች።

በእንጨቱ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። አጎቴ «ለእህቴ አልጋማ ዋንዛ ነው» ብለው ነበር የተነሡት። ዋንዛን እኔም እወዳለሁ፤ ያደግሁበት አልጋ እሱው ነው። ትሬለር ግን በኪሎ የሚኖር ቤት ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት አለ፤ ጭነቱ ከዚህ ክብደት እንዳያልፍ ይላል። የምንይዘው ውኃ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ አሁን የምንሠራው አልጋ ጭምር ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ሌላም አለ። ከትሬለሩ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መኪናው መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። ከጎማው ኋላ የሚጨመር ኪሎ ይህን የፊት ክብደት ይቀንሰዋል። ፊቱ ሲቀል ትሬለሩ በፈጣን መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወጥቶ በረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ነው።

ይህን ስነግራቸው ወደ ሐይቁ ይዘውኝ ወረዱ። ከጊዮርጊስ በታች አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ጭነት እያስተካከለ ነበር፤ እንጨቱን ከኋላ እያነሣ ወደ መሐል ይስበዋል። «ታንኳም እንዲሁ ነው፤ ኋላው ከከበደ አፍንጫው ይነሣና ንፋስ እንደፈለገ ያዞረዋል» አሉኝ። ዋንዛው በዚያው ቀረ። የተስማማነው በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) እና በቀጭን የጥድ ሞራሌ ነው። ያ ኮምፔንሳቶ አንድ ሙሉ ሉሕ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ኤምዲኤፍ የሚባለው፣ ከደቀቀ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ፣ በ18 ሚሊ ሜትር ከ40 ኪሎ ያልፋል፤ እርጥበት ሲነካውም ያብጣል።

የትሬለር ግድግዳ ልባሱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብሎን ቢመቱበት ምንም አይዝም። ከኋላው ያለው የእኛው የእንጨት ቋሚ ራሱ 4 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የላይኛውን አልጋ ክብደት ግድግዳው ላይ አንሰቅለውም፤ በራሱ እግሮች ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ ግድግዳው እንዳይነቃነቅ ብቻ ይይዘዋል። ለልጄ መከለያ አሜሪካ ውስጥ ለቤት ተደራራቢ አልጋ የወጣውን ደንብ እከተላለሁ፦ መከለያው ከፍራሹ ቢያንስ 12.7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ክፍተቱ ከ8.9 ሳንቲ ሜትር አይሰፋም፤ የልጅ ገላ ሾልኮ ራሷ እንዳይያዝ ነው። ዕድሜዋ ከስድስት ዓመት ባያልፍ ኖሮ ላይ አላስተኛትም ነበር። ከፍራሹ ሥር ድፍን ጣውላ አናደርግም፤ ርብራብ ነው የሚሆነው። ተራራ ላይ በሐምሌም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የተኛ ሰው ሙቀትና ትንፋሽ ከፍራሹ ሥር ውኃ ሆኖ ያድርና ሻጋታ ያመጣል።

እናቴ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ዳዊቷን የምታስቀምጥበት መደርደሪያና ሳትነሣ የምታበራው መብራት። ይህ ቀላል ነው፤ ትሬለሩ ባለ 12 ቮልት የመብራት መስመር አለው፣ ከራስጌዋ አንድ ትንሽ አምፖል እናወርዳለን። ሁለተኛው የቡና ዕቃዋ ነው። ከአልጋው ሥር ለረከቦቱ፣ ለጀበናውና ለዘጌው ቡና የሚሆን መሳቢያ ገብቷል።

ከሰሉ ላይ ግን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ እናንተም ወላጆቻችሁን አነጋግሩ። በትሬለር ውስጥ ከሰል አይቀጣጠልም፤ መስኮት ቢከፈትም፣ ለዕጣን ያህል ትንሽ ፍም ቢሆንም። ቦታው ጠባብ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይዘጋል። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዙ ይገድላል። አገራችን ውስጥ በር ዘግተው ከሰል ያሳደሩ ስንቶች ሳይነቁ እንደቀሩ እናቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። «ደጅ እንጠጣዋለና፤ ተራራውን ልታሳየኝ አይደል?» አለችኝ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውንም በአዲስ እቀይረዋለሁ፤ እነዚህ መሣሪያዎች ቀናቸው ያልፋል።

የመውጫውንም ነገር አስረድቻታለሁ። ከአልጋው አጠገብ ቀይ እጀታ ያለው መስኮት አለ፤ እሳት ቢነሣ ከበሩ ሌላ መውጫው እሱ ነው። ብዙ ሰው መኝታውን ሲያሳምር በመደርደሪያ ወይም በአልጋ እግር ይጋርደዋል። የእኛ ንድፍ የላይኛውን አልጋ እግር ከመስኮቱ ወዲያ ያሳለፈው ለዚህ ነው። እንደደረሰች እጀታውን ራሷ ትከፍተዋለች፤ እኔ ከፍቼ ማሳየቴ አይበቃም።

አጎቴ ንድፉን በካርቶን ላይ በእርሳስ ሠርተው ሰጥተውኛል፤ ከእያንዳንዱ እንጨት አጠገብ ርዝመቱ በሳንቲ ሜትር ተጽፏል። ዴንቨር ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ትሬለሩን የጭነት መኪና መመዘኛ ላይ ማውጣት ነው፦ ጠቅላላውን፣ ከዚያ መጎተቻው ላይ የሚያርፈውን ለብቻ። አልጋው ሲያልቅ ውኃውን ሞልቼ፣ ዕቃውን ጭኜ እንደገና እመዝነዋለሁ። የፊቱ ክብደት ከ10 በመቶ በታች ከወረደ የመሣሪያ ሣጥኑና ከባድ ዕቃው ከኋላ ወደ ፊት ይዛወራል። አጎቴ ሁለቱንም ቁጥር እንድልክላቸው አዘውኛል፤ ሳያዩት እህታቸውን ለጉዞ እንደማይለቁም ነግረውኛል።