ሳይፈርም የቀረው ባለገደብ

በኮምቦልቻ በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ ከያዝኳቸው መዝገቦች አንዱ፣ በሰው ንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል ተብሎ ጥፋተኛ የተባለና የእስራት ቅጣቱ በገደብ የታለፈለት፣ ማለትም የታዘዘውን ግዴታ እስካከበረ ድረስ ሳይታሰር እንዲቆይ የተፈቀደለት የአንድ ወጣት ወዛደር ጉዳይ ነበር። በየወሩ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ እንዲፈርም ታዝዞ ሳለ በተከታታይ ስለቀረ፣ ዐቃቤ ሕግ ገደቡ ተነሥቶ ማረሚያ ቤት እንዲወርድ አመለከተ። መዝገቡን ብቻ ላየ ሰው ጉዳዩ አያከራክርም፤ ትእዛዝ አለ፣ ፊርማ የለም።

እናቱን ሳነጋግር ግን ከመዝገቡ የጎደለው ወጣ። «ክኒኑ ያፈዘዋል፤ ኩንታል ተሸክሞ ሲንገዳገድ ከሥራ አስወጡት፤ ከዚያ ወዲያ መዋጡን ተወ። አሁን ጣቢያውን ከሩቅ ሲያይ ‹ሊገድሉኝ ነው የጠሩኝ› ብሎ ይሮጣል። ምን ላድርግ ልጄ?» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ፣ የታከመበት ወረቀት አለዎት?» ስላቸው፣ ደሴ ታይቶ የስኪዞፍሬኒያ (የሌለውን እንዳለ የሚያሳምን ከባድ የአእምሮ ሕመም) ሕክምና መጀመሩን የሚያሳይ ካርድ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ካርዱ በመጀመሪያው ክርክር አልቀረበም ነበር፤ የልጁ ዝምታም ያኔ እልኸኝነት ተደርጎ ተወስዶበታል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኃላፊነት ስለማይኖርበትና በከፊል ስለሚኖርበት ሰው በአንቀጽ 48 እና 49 ይደነግጋል፤ ጥርጣሬ ሲነሣም ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ በአንቀጽ 51 ያዛል። እነዚህ ድንጋጌዎች ግን በዋናነት የሚመለከቱት ሰውየው ድርጊቱን ሲፈጽም የነበረበትን ሁኔታ ነው። በገደብ ከወጣ በኋላ ሕክምናው ተቋርጦ፣ በሕመሙ ምክንያት ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ዕጣ በአብዛኛው በዳኛው ማስተዋል ላይ ይወድቃል።

በአሜሪካ የአእምሮ ጤና ችሎቶች የተቋቋሙት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ ላይ የተጀመረውን የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳዮች ችሎት ተከትሎ፣ በ1997 በፍሎሪዳ ብራዋርድ አውራጃ የተከፈተው ችሎት ከፈር ቀዳጆቹ ይቆጠራል። ተከሳሹ ወይም ባለገደቡ በፈቃዱ ይገባል፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ተከላካይ ጠበቃና የጤና ባለሙያ አንድ ላይ ሆነው የሕክምና ዕቅዱን ይከታተላሉ፤ ቀጠሮ ሲያጓድል ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ለምን እንዳጓደለ ነው። እስር አማራጭ ሆኖ ሲቀርብ ፈቃደኝነቱ ምን ያህል እውነተኛ ነው የሚል ትችት ይሰነዘርባቸዋል፤ እኔም ትችቱን ተገቢ ነው እላለሁ።

በእኛ ችሎት ዐቃቤ ሕጉ «ነገ ሁሉም ታምሜ ነው ቢል ምን ይዘን እንለያለን?» ሲሉ ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ሚዛን የሚደፋ ስለነበር የእናቱ ቃል ብቻውን ይበቃል አላልኩም፤ የሥነ አእምሮ ነርሱ ቀርቦ እንዲያስረዳ ጠየቅሁ። ነርሱም ከጣቢያው መሸሹ የሕመሙ ምልክት መሆኑን፣ በየቀኑ በሚዋጠው ክኒን ፋንታ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት መኖሩንና ለልጁ ይስማማው እንደሆነ በሐኪም ሊታይ እንደሚችል አስረዳ። ዳኛዋ ገደቡን አላነሡም። ልጁ ራሱ ተጠይቆ ከተስማማ በኋላ፣ የመፈረሚያው ቀን ከመርፌው ቀን ጋር አንድ እንዲሆንና በጣቢያው ፊርማ ምትክ የጤና ተቋሙ ማረጋገጫ ለፍርድ ቤቱ እንዲደርስ አዘዙ።

ሐኪሙ መርፌውን ካዘዘለት በኋላ ልጁ ሳያቋርጥ ይቀርብ ጀመር። ትእዛዙ ግን የቆመው በአንዲት ዳኛ አስተዋይነት ነው፤ ዳኛ ደግሞ ይዛወራል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በወር አንድ ቋሚ ቀን ለእንዲህ ያሉ ባለገደቦች ቢመደብና ባለሙያ ቢገኝበት፣ አዲስ ሕንፃ ሳያስፈልግ ብዙ ሰው ከእስር ይተርፋል ብዬ አምናለሁ። አንድ ወር መርፌው ከጤና ተቋሙ መድኃኒት ቤት ሲጠፋ፣ እጥረቱ በጽሑፍ ተገልጾ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝና እንደ መቅረት እንዳይቆጠርበት አመለከትኩ፤ ዳኛዋም ተቀበሉት።