ሥራው ሠንጋ ተራ፣ ቤቱስ የት?

ከክልል ከተማ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ሰው ዘመድ ወዳጁን የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለ ኪራዩ መጠንና ስለ ሰፈሩ ርቀት ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሐዋሳ መጥቼ ለሜክሲኮ አደባባይ ቅርብ በሆነው ሠንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ባለሙያነት ከተቀጠርኩና ቤት መርጬ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ «የት ሰፈር ልከራይ?» ለሚሉኝ የቀድሞ ባልደረቦቼ የምሰጠው መልስ ወደ አንድ ነገር የሚያዘነብል ሆኗል፤ ይኸውም ርቀትን በኪሎ ሜትር ከመለካት ይልቅ ቤቱ በስንት ታክሲ እንደሚደረስ መቁጠር፣ ቆጠራውንም ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ማካሄድ ይሻላል የሚል ነው።

ሐዋሳ ለጥ ያለች ከተማ ናት፤ ባጃጅ ከደጃፍ አንሥቶ ደጃፍ ያደርሳል፣ ብስክሌት ያለውም በብስክሌቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ስለ መንገዱ ብዙ አይጨነቅም። በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ግን ሚኒባስ ታክሲዎች የታወቀ መነሻና መድረሻ ስላላቸው፣ የተከራዩበት ሰፈር በአንዱ መሥመር ላይ ካልዋለ መንገድ ላይ ወርዶ እንደ አዲስ መሰለፍ ግድ ይሆናል። ጊዜ የሚበላውም ይኸው ሰልፍ ነው። ጠዋት ሰው ከየሰፈሩ በተለያየ ሰዓት ስለሚወጣ ሰልፉ በየቦታው ይከፋፈላል፤ ማታ ግን የመንግሥቱም የግሉም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በሜክሲኮ፣ በለገሃር፣ በስታዲየምና በፒያሳ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ዝናብ ከጣለማ ጭራሽ ነው።

በዚህ ላይ የታክሲዎቹ የምሽት ጠባይ አለ። ጠዋት ከጀሞ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ የገባ ሰው ማታ ሜክሲኮ ሲቆም ረዳቱ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ብቻ እያለ ሲጣራ ይሰማል። «ጀሞስ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ረዳቱ አንድ እጁን በሩ ላይ አድርጎ፣ ብር በተደረደረባቸው የሌላው እጁ ጣቶች ወደ ወንበሩ እየጠቆመ፣ «ሳር ቤት ብቻ ነው ወንድሜ» ይለዋል። መሥመሩን መሀል ላይ ቆርጦ መጫን ከደንብ ውጪ ቢሆንም ለባለታክሲው የተሻለ ገቢ ስለሚያስገኝለት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት የተለመደ ነው። ስለዚህ በአንድ ታክሲ ይደረሳል የተባለው ሰፈር ሲመሽ የሁለት ታክሲ ሰፈር ይሆናል፤ ጠዋትም ሁለት ታክሲ የሚያስይዘው ሰፈር ማታ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ደላሎች ቤት ማሳየት የሚወዱት ረፋዱ ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ «ከሥራ ስወጣ እንገናኝ፣ ራሴ በታክሲ እመጣለሁ» ማለት ስጀምር ደላላዬ ፊቱን ቢያጨማድድም፣ ቤቱን ሳላይ ሰፈሩን ውድቅ ያደረግኩበት ጊዜ ነበር።

ባቡሩን እንደ መፍትሔ የሚያነሣ ብዙ ነው፤ በወረቀት ላይ ደግሞ ለሜክሲኮና ለሠንጋ ተራ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ ነገር ያለ አይመስልም። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጋ ሲሆን፣ ሁለቱ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ሐዲድ ሁለቱም መሥመሮች በጋራ ስለሚጠቀሙበት፣ ሜክሲኮ ላይ የሚሳፈር ሰው ወደ አያትም ሆነ ወደ ቃሊቲ ያለ ቅያሪ መሄድ ይችላል። ነገር ግን ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ስለቆሙ ጥበቃው ረጅም፣ ግፊያውም የበዛ ሆኗል። እንደመጣሁ የተቀመጥኩት አያት በሚገኘው የአክስቴ ቤት ስለነበር ይህን በሚገባ አይቼዋለሁ። አያት የመሥመሩ መነሻ በመሆኑ ጠዋት በማለዳ የወጣ ሰው ወንበር ያገኛል፤ መገናኛ ላይ የሚጠብቀው ግን በሩ ተከፍቶለትም መግባት ያቅተዋል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፦ ባቡሩ ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ሜክሲኮ ሲደርስ ሞልቶ ስለሚመጣ፣ አንዳንዱ ተሳፋሪ መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ጦር ኃይሎች ሄዶ፣ ዳግመኛ ቲኬት ቆርጦ፣ ወንበር ይዞ ይመለሳል። በእኔ አስተያየት ባቡሩ ታክሲ ሲጠፋ የሚያወጣ ሁለተኛ አማራጭ እንጂ ቤት የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ባቡሩን ብለው የሚከራዩ ካሉም ከመሥመሩ መነሻ ጣቢያዎች አጠገብ ቢሆን ይመረጣል።

ኪራይ ረከስ የሚለው ዳር ላይ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ ነው፤ እዚያ በመሀል ከተማ የስቱዲዮ ዋጋ ባለ ሁለት መኝታ ይገኛል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ያለው ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መሄድ የሚችል ሰው እነዚህን ሰፈሮች ሊንቃቸው አይገባም፤ የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ረጅም ቢሆንም እንቅልፍ ይተኛበታል። ሰርቪስ የሌለው ግን በኪራዩ ያተረፈውን በየወሩ ለታክሲ፣ አምሽቶ በሠራ ቁጥር ደግሞ ለራይድ መልሶ ይከፍላል። ስለዚህ አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው የቅጥር ደብዳቤውን ሲቀበል ስለ ደመወዙ ከጠየቀ በኋላ «ሰርቪስ አላችሁ ወይ? በየትኛው መሥመር?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ከሥራ ቦታ በእግር ርቀት ላይ መኖርስ? መሀል ከተማ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተለዋውጧል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የካዛንቺስ መፍረስ፣ ቀድሞ ዝቅተኛ ደመወዝተኛው በርካሽ ክፍል ያገኝባቸው የነበሩትን የድሮ ሰፈሮች አሳንሷቸዋል፤ ከዚያ የተነሣው ሰው ሌላ ቦታ ቤት ስለሚፈልግ የቀሩት ቤቶችም ተፈላጊነታቸው ጨምሯል። በሌላ በኩል የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራትም ስላለው አምሽቶ መራመድ እንደ ቀድሞው አያስፈራም፤ ይህ ደግሞ በእግር ይደረሳል የሚባለውን ክልል አስፍቶታል። ለሠንጋ ተራ ሠራተኛ የልደታ ኮንዶሚኒየም ቅርብ ነው፤ ያየሁት ቤት ንጹሕ፣ ፀጥ ያለና ለሥራዬም አመቺ ነበር፤ ኪራዩ ግን ባለቤቴና ልጄ ሲጨመሩ ለምትጠበው ክፍል ከደመወዜ የሚወስደው ድርሻ ሊዋጥልኝ አልቻለም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ያለ ማመንታት እዚያው እቀር ነበር።

በመጨረሻ የያዝኩት በጎፋ በኩል ነው። ከሜክሲኮ በቡልጋሪያና በቄራ አድርጎ የሚሄደው መሥመር አጭር ስለሆነ ባለታክሲው ቆርጦ ቢጭን እንኳ የሚቀረው መንገድ በእግር የሚያልቅ ነው፤ ታክሲ ጭራሽ የጠፋ ዕለትም ከሜክሲኮ ጀምሮ በእግር መግባት ይቻላል። ይህን መመዘኛ ለሌላውም እመክራለሁ፦ ሁሉም ነገር በቆመበት ምሽት በእግሬ ቤቴ እገባለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ የቀረው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነው።

ሰፈሩ ከተመረጠ በኋላ ቤቱን የሚመርጠው ውሃ ነው። እዚያው አካባቢ መጀመሪያ ያየሁት የኮንዶሚኒየም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሴራሚኩ አዲስ፣ ቀለሙ የተቀባ፣ ሁሉም ነገር የተሟላ ይመስል ነበር። ደረጃውን ስንወጣ ግን ከሁለተኛው ፎቅ ጀምሮ በየበሩ ሥር ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ የአንዳንዱ ጀሪካን አንገት ላይ የባለቤቱ የቤት ቁጥር በማርከር ተጽፎበታል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ስከፍተው እንደማሳል ያለ ድምፅ አውጥቶ አየር ብቻ ተፋ። ደላላው «ዛሬ ፈረቃ ስላልሆነ ነው» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚዳረስ፣ ደረቅ ቧንቧ ብቻውን ቤቱን አያስጥልም። የሚጠየቀው ግን ፈረቃው በሚመጣበት ቀን ግፊቱ ስንተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል የሚለው ነው፤ ይህንንም ደላላውን ወይም አከራዩን ሳይሆን እዚያው ደረጃ ላይ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣዋን ጎረቤት መጠየቅ ይበቃል። እኔ የጠየቅኳት ሴት ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ «ወንድሜ፣ ሁለተኛ ፎቅ ፈልግ» አለችኝ፤ ይኸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ሊፍት በሌለባቸው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች የላይኛው ፎቅ ኪራይ ቀነስ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

የግቢ ቤት የሚመርጥ ሰው ውሃው ብዙውን ጊዜ ሮቶ ስላለ ይሻለዋል፤ በምትኩ የቆጣሪ ጉዳይ ይመጣበታል። አንድ ሰርቪስ ቤት ያሳዩኝ አከራይ፣ ደግ የሚመስሉ እናት፣ ገና ከበሩ ሳልገባ የጠየቁኝ «የኔ ልጅ፣ እንጀራ ትጋግራላችሁ ወይስ ትገዛላችሁ?» ብለው ነበር። «እትዬ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ማለት ነው?» ስላቸው ሣቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋራ ቆጣሪ ላይ ሲጣድ በወሩ መጨረሻ የሚነሣውን ክርክር የኖረበት ያውቀዋል። በኮንዶሚኒየም እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ስላለው ከዚህ ይገላገላል፤ ለድግስ ሥራም ኮሙናሉ፣ ማለትም የነዋሪዎቹ የጋራ መገልገያ ቤት አለ።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ አዲስ መጪ መብቱን ሳያውቅ ይፈርማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 እንደሚደነግገው፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ተደርጎ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን መሠረት ነው። ቀድሞ የሦስት ወር፣ አልፎም የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅ የተለመደ ስለነበር አሁንም የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ ጽፈን ቀሪውን በእጅ ስጠኝ የሚልም አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለውን ቤት መተው ይመረጣል፤ ተከራዩ የሚተማመንበት ወረቀት በሐሰት ከተጀመረ ጭማሪ በመጣ ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። የሁለት ዓመቱ ድንጋጌ ሌላም ውጤት አለው፦ አከራይ ተከራዩን በቀላሉ ማስወጣት ስለማይችል ሲመርጥ ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤና መታወቂያ ይዞ መሄድ፣ የሚታወቅ ዘመድም ካለ አብሮ መውሰድ ይረዳል። የእኔን አከራይ ያሳመኗቸው አክስቴ ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅነት ሰፈራቸው ሲጨዋወቱ ውሉ ሳይነበብ ሊፈረም ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤት ፍለጋው በክረምት ቢሆን ጥቅም አለው፤ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ያለው መንገድ ኮብልስቶን ይሁን ጭቃ፣ ጣሪያው ያፍስስ አያፍስስ በሐምሌ ራሱን ያሳያል። ለቤተሰበኛ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ የትምህርት ቤት ምዝገባ ወቅት ስለሆነ ሁለቱን አብሮ መፈለግ ይቻላል፤ ልጁ በሰፈሩ በእግሩ የሚሄድበት ትምህርት ቤት ከተገኘ ለትምህርት ቤት ሰርቪስ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል፤ ወላጁ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፎ ልጁን ማን ይቀበልልኝ ብሎ ከመጨነቅም ይድናል። ከወጡበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣትም እንዳይረሳ፤ ያለ እሱ የአዲሱ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ አይገኝም።

የእኛ ልጅ ከጎፋው ቤት ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል። ባለቤቴ መሸኛውን አውጥታ አሁን ሐዋሳ ያለውን ዕቃ የሚጫነውንና የሚሸጠውን እየለየች ነው፤ ቁም ሣጥኑ በደረጃው ስለማይወጣ ይሸጥ ብያለሁ፣ ትልቁ የውሃ በርሜል ግን ይመጣል።