ከረባት ያሰሩ ጫጩቶች

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ልኮራበት ፈልጌ አይደለም፤ ታሪኩን አንብባችሁ ስትጨርሱ «ሰውየው ትንሽ ቢማር ኖሮ» እንዳትሉኝ ነው። ተምሬአለሁ። ለዓመታት የዘር ውርስን ሕግ ያገኘውን ሜንዴልንና አተሮቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው።

አምና ክረምቱ እንደ ወጣ፣ እንቁላል መጣል የጀመሩ ስድስት የሮድ አይላንድ ሬድ ቄቦች ከኮምቦልቻ ገዝቼ ወደ ደሴ አመጣሁ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር ካርቶኑ ውስጥ ስድስቱም አንድ ላይ ወደ ግራ፣ አንድ ላይ ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያም አቤቱታ ያሰማሉ። ረዳቱ «ጋሼ፣ እነዚህ ከተሳፋሪው ሁሉ በላይ እያወሩ ነው፤ የአንድ ሰው ሂሳብ ይክፈሉላቸው» አለኝ። ከፈልኩ። ንጹሕ ዘር የያዘ ሰው በሚኒባስ ሂሳብ አይከራከርም።

ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ አንድ በአንድ አየቻቸውና «ለገና ይደርሳሉ?» አለች። ዓይኗ ጭናቸው ላይ ነበር፤ አሥራ ሁለቱን ብልት በልቧ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። የሚበሉ እንዳልሆኑ፣ ንጹሕ ዘር እንደሆኑ፣ አባትና አያታቸው ተቆጥሮ የሚታወቅ እንደሆነ አስረዳኋት።

«ሰባት ቤት የሚቆጠርላቸው ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ አዎ፣ ሊያገቡ ነበር። ልዩነቱ፣ እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ የንጹሕ ዘር አርቢ የሚቆጥረው ግን ባዕድ እንዳይገባ ነው። ይህን ስነግራት ዶሮዎቹን ትኩር ብላ አየቻቸውና ካርቶኑን በቀስታ ከደነችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከቡናው በፊት ትምህርት ይቀርብለት ጀመር። ዝርያው አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ ከምትባለው ትንሽ ግዛት የመጣ ነው፤ ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ1954 መለያ ወፏ እንዲሆን የመረጠችው ንስር ወይም ርግብ ሳይሆን ይህን ዶሮ ነው። የእኛዋ የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል፣ ይህችኛዋ በደንብ ከተያዘች ከ200 በላይ ትጥላለች። ላባው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ የአውራው ጭራ ግን ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብለጨልጫል። እንግዶቼ ራሳቸውን ይነቀንቁና ሲኒያቸውን ወደ ጀበናው ይመለከታሉ።

አውራው የመጣው ከሴቶቹ በኋላ ነው። ስሙን ንጉሡ አልኩት። አዲስ ዶሮ በሽታ እንዳያስገባ ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው መቆየት አለበት፤ የተማርኩ ሰው ነኝና ሁለት ሳምንት ሙሉ ዕቃ ቤት ዘግቼ አቆየሁት። ንጋት ላይ ከዕቃ ቤቱ ይጮሃል። ስድስቱ ሴቶች ግቢ ውስጥ ይሰሙታል። ባላቸው ከእስር እስኪፈታ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ዓይነት ግን አልነበሩም።

ከጎረቤቴ ግቢ የሚለየኝ የቁልቋል አጥር ነው። ጎረቤቴ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ለጠፋ ቁልፍም፣ ለታመመ ሰውም፣ ለፈረሰ አጥርም መልሳቸው «አብሽር» ነው። አንድ መላጣ አውራ ዶሮ አላቸው። የአንገቱ ላባ ከጆሮው ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻው የለም፤ ፀሐይ የመታው ቀይ ቆዳ ብቻ ነው። ከፊት በኩል፣ ከደረቱ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ጭብጥ የምታህል ላባ ቀርታለች። ሸሚዝ መልበስ ረስቶ ከረባት ያሰረ ሰው ይመስላል። ይህ ፍጡር በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ በቁልቋሉ ክፍተት እየሾለከ ግቢዬ ይገባ ነበር። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ እኔም ለጥሬው ነው የሚመጣው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ። አንዳንድ ቀን እንዲያውም እፍኝ በቆሎ እበትንለት ነበር።

የንጉሡ ሁለት ሳምንት ሲያልቅ ግቢውን በሽቦ አጠርኩ፤ መላጣውን አባረርኩ፤ ሙሽራውን ከሴቶቹ ጋር ቀላቀልኩ። ለስድስት ሴት አንድ አውራ ይበቃል፤ ለአሥርም ይበቃል። ንጉሡ ግን በመጀመሪያው ቀን አንደኛዋ አናቱን ስትነክሰው ሮጦ የውኃ ባልዲ ኋላ ተደበቀ። ይለምዳል አልኩ።

መዝገብ ከፈትኩ። በማስመሪያ ዓምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ የእንቁላሉ ቁጥር፣ እናት፣ አባት። እያንዳንዱን እንቁላል በእርሳስ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ከሳምንት በላይ አላቆይም። ሽቦው በታጠረ በሦስተኛው ቀን መሰብሰብ ጀመርኩና በሳምንቱ ጥሩ ጥሩዎቹን አሥራ ሁለት መረጥኩ። «አባት» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ ሁለት ጊዜ «ንጉሡ» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። በእርሳስ አይደለም።

ሮድ አይላንድ ሬድ ብዙ የመታቀፍ ፍላጎት የላትም፤ እንቁላሏን ጥላ ወደ ጉዳይዋ ትሄዳለች። ስለዚህ ታቃፊ ዶሮ ከእማማ ተዋስኩ። እሳቸውም «ውሰዳት ልጄ፣ አብሽር» ብለው ሰጡኝ። ዶሮዋ አሥራ ሁለቱን ቡናማ እንቁላል ሆዷ ሥር ሰብስባ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። በሰባተኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍቼ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልኬ መብራት አየሁ። ውስጣቸው ቀይ የደም ሥር እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ የምታህል ነገር ትርገበገባለች። ባለቤቴን ጠርቼ «ተመልከቺ፣ የንጹሕ ዘር ልብ» አልኳት። እስከ ዛሬ ድረስ ወጥ በጨመረችልኝ ቁጥር ይህችን ዓረፍተ ነገር ትደግምልኛለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ከሰኞ ገበያ ጠቁመውት ነው የመጣው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀይ አውራ ዶሮ፣ ጥርት ያለ፣ ሌላ ቀለም ያልገባበት አለዎት አሉ» አለኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ! በመጨረሻ ስለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሰው መጣ። ንጉሡን ይዤ ወጣሁ። ሰውየው ክንፉን ገለጠ፣ ደረቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ጭራው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ጥቁር ነው።»

«ጥቁር መሆን አለበት! የዝርያው ምልክት ነው» አልኩና ስለ አረንጓዴው ብልጭታ ጀመርኩ።

«የታዘዘልኝ ጭራውም ቀይ የሆነ ነው» ብሎ ሄደ። ማን እንዳዘዘለት የገባኝ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ገና ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ገብቷት ኖሮ ወጥ ቤት ውስጥ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በወሎ ምድር የዶሮን ንጽሕና ከእኔ ይበልጥ የሚመረምር ሰው ቢኖር አዋቂ ቤት የሚመላለስ ሰው ብቻ ነው።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የነበረኝ ዝና ግን ሌላ ነበር። ሦስት ባልደረቦቼ ለጫጩት ቀብድ ከፍለዋል። አንደኛው ልጁን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ልጅቱ የእኔው ተማሪ ናት፤ የፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ እጇን የማታወርደው።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። እማማ ለምሥራቹ ፈንድሻ ይዘው መጡ፤ ባለቤቴ ቡና አቀረበች። አቦሉ ሳይቀዳ ከታቃፊዋ ሥር ድምፅ ተሰማ። ዶሮዋን ቀስ ብዬ አነሳሁ። የመጀመሪያው ጫጩት ደርቆ ኳስ መስሏል፤ ቀላ ያለ፣ የሚያምር። ሁለተኛውም እንደሱ። ሦስተኛውን መዳፌ ላይ ሳስቀምጠው አንገቱ የለም መሰለኝ። አለ፤ ግን ራቁቱን ነው። ጽጌረዳ የመሰለ ቀጭን አንገት፣ ከላይ ትንሽ ባርኔጣ፣ ከታች ክብ ሆድ። ከፊት በኩል አንዲት ቁንጥር ለስላሳ ፀጉር።

መጀመሪያ የታየኝ በሽታ ነው። ከዚያ ሙቀት አቃጥሎት ይሆናል አልኩ። አራተኛውም እንደዚያው ሆኖ ወጣ። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉና ፊታቸው በራ።

«ማሻ አላህ! ቁርጥ አባቱን!»

በዚያች ቅጽበት፣ ጫጩቱ መዳፌ ላይ እንደ ቆመ፣ ለዓመታት ያስተማርኩት ትምህርት ዘግይቶ መጣልኝ። ሴት ዶሮ የወንዱን ዘር በማህፀኗ ቱቦ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ጓዳዎች ታስቀምጣለች። ከአውራ ጋር ከተለያየች በኋላ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ፍሬ ያለው እንቁላል ትጥላለች። ሽቦውን ያጠርኩት እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው፤ አደራው ግን ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ብቻ ጠብቄ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ ተፈለፈሉ። አራቱ ከረባት አስረዋል።

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ከልጁ ጋር መጣ። ላባ ያላቸውን ስድስቱን ለብቻ በሌላ ካርቶን አድርጌ አቀረብኩ፤ አራቱን አልጋ ሥር ደብቄአለሁ። ጫጩት ግን ምስጢር አይጠብቅም። ልጅቱ ድምፁን ተከትላ ገብታ አንዱን ይዛው ወጣች።

«መምህር፣ ይሄ ለምን መላጣ ሆነ?»

ዝም አልኩ። ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ብቻውን ሲገባ የሚታየውን ባሕርይ በአማርኛ ሳስረዳ «አውራ ባሕርይ» እላለሁ፤ እንዳይረሱትም «አውራ ዶሮን አስቡ» እላቸዋለሁ። ልጅቱ አስባለች።

«የአንገት መላጣነት አውራ ባሕርይ ነው አይደል? እናቶቹ ሁሉ ላባ አላቸው። ስለዚህ ከአባት ነው የመጣው ማለት ነው።» ወደ ሽቦው ዞር አለች። ንጉሡ እስከ ጆሮው ላባውን ለብሶ ባልዲው አጠገብ ቆሟል። ከቁልቋሉ ባሻገር መላጣው ከረባቱን አስሮ፣ አንገቱን አስግጎ ጮኸ። እንደዚያን ዕለት ጮክ ብሎ ጮኾ አያውቅም።

ባልደረባዬ ሳቁን እየዋጠ «ችግር የለም፣ እኛ ላባ ካላቸው እንወስዳለን» አለ። እኔም እፎይ ልል ስል ልጅቱ እጇን አወጣች። በሰው ግቢ ውስጥ፣ እጇን አወጣች።

«ግን መምህር፣ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሁለቱም ቅጂ መላጣ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ሙሉ በሙሉ ራቁቱን ይሆናል። የእማማ አውራ ከፊት ላባ አለው። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። እንግዲያው ከልጆቹ ግማሹ ላባ ይኖራቸዋል። ታዲያ እነዚህ ስድስቱ የንጉሡ ለመሆናቸው በምን ይታወቃል?»

በምንም አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቴሰን የተባለው እንግሊዛዊ የሜንዴል ሕግ በእንስሳም እንደሚሠራ ያሳየው በዶሮ ነው፤ ለደሴ ግቢ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዶበታል። ለልጅቱ በሚቀጥለው ፈተና ሙሉ ውጤት መስጠት እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ለአባቷ ደግሞ ቀብዱን። የሌሎቹንም ሁለቱን በማግስቱ መለስኩ። አንደኛው «መላጣው ሙቀት ይችላል ይባላል፤ ለኮምቦልቻ እህቴ ብልክላትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። የተናገረው እውነት ነው፤ ላባው ስለሚያንስ ሙቀት አይከብደውም። ስለ ንጹሕ ዘር ሁለት ወር ሳወራው ከርሜ ይህን መጠየቁ ግን አንጀቴን አቃጠለው።

ቶናው ላይ የእማማ ሂሳብ መጣ።

«ታቃፊዋን በርቢ ነው የሰጠሁህ፤ ጫጩቱ እኩል ነው» አሉ።

«እሺ እማማ፣ ልክ ነዎት። አምስት ለእርስዎ፣ አምስት ለእኔ።»

«አባትየውስ?»

«የትኛው አባት?»

«የኔው ነዋ! ያቀፈችው የኔ፣ የወለደው የኔ። አንተ ምን አለህ ልጄ?»

«እንቁላሉ አለኝ!» አልኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ወጣ መሰለኝ።

«እንቁላልማ እኔም ቤት ሞልቷል። ትፈልግ እንደሆነ እሰጥሃለሁ» አሉና ፈንድሻውን ወደ እኔ አስጠጉት። ባለቤቴ በረካውን ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከሳቅ ብዛት ነው። በመጨረሻ ጫጩቶቹ ሳይከፈሉ አብረው እንዲያድጉ ተስማማን። የሁለታችን ግቢ በሃይማኖት የሚለየው ቢላዋ ሲወጣ ብቻ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጊዜ አለ።

አሁን ስድስቱ ሴቶች ከንጉሡ ጋር ብቻ ከተዘጉ አራት ሳምንት አልፏቸዋል፤ እኔ ግን ገና አላመንኩም፤ የሚጥሉትን እንቁላል ሁሉ በየጠዋቱ እንበላለን። መላጣው ከሽቦው ውጭ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በቆሎ አልበትንለትም።

ያን ዕለት ማታ ስህተቴን ላርም መዝገቡን ስከፍት፣ «አባት» በሚለው ዓምድ ሥር አሥራ ሁለት ጊዜ የጻፍኩት «ንጉሡ» ተሰርዞ፣ በባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበት አገኘሁ፦ ጎረቤት።