እትዬና የታክሲው ሒሳብ

እንኳን ለገና በሰላም አደረሳችሁ! ዶሮው ተገዝቷል፣ ቅርጫውም ተከፍሏል። ዋጋውን አታንሱብኝ።

ዘንድሮ ግን ሆዴ የባባው ገና በዓሉ ሳይደርስ ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1፣ ለአፍሪካ ጀማሪ ነጋዴዎች መነሻ ገንዘብ የሚሰጠው የቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ማመልከቻ ሲከፈት።

አምና ለዋዜማው ጎረቤቴ ቤት ነበርኩ። እትዬ ነው የምላቸው። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅተው መሸጥ ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነበር። እሳቸው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ እኔ በስልኬ የማመልከቻውን መልስ እጽፋለሁ፣ ዓይናችን እኩል ያነባል። የተመረጠ ሰው ሥልጠናና አማካሪ ያገኛል፣ ከዚያ 5,000 ዶላር መነሻ። የማይመለስ ነው ስላቸው ቢላዋውን አስቀመጡ።

«የማይመለስ? ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

ናይጄሪያዊው ባለሀብት ኤሉሜሉ እኔን ዕድል ረድቶኛል፣ ለሌላውም ይድረስ ብሎ ፋውንዴሽኑን በፈረንጆቹ 2010 እንዳቋቋመው፣ በ2015 ደግሞ በ10 ዓመት ለ10,000 አፍሪካውያን ጀማሪዎች 100 ሚሊዮን ዶላር እንደመደበ ነገርኳቸው። «እግዜር ይስጠው» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ሒሳብ ገባን። አተሩ፣ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ፌስታሉ። «የእርስዎስ ድካም?» አልኳቸው። «እሱም ይቆጠራል እንዴ?» ስንደምረው ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ በነፃ ነው የሠሩት! ትንሽ ዝም አሉ። «ቢሆንም ለታክሲ የወንድሜን እጅ ማየት ትቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነፃነት ሲባል ትዝ የሚለኝ ይሄ የታክሲ ሒሳብ ነው።

አልጨረስነውም። «በዓሉ ይለፍ» አሉ፣ ቀኑም አለፈ። ነሐሴ ላይ ቀበርናቸው። የጻፍነው እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ።

በዱቤ ስትፈጭላቸው የኖርከው የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ከዱባይ ሆነሽ በዓይንሽ ላላየሻቸው ሴትዮ የማሸጊያ ማሽን የላክሽው እህቴ፣ እስከ መጨረሻው በጨርቅ ሸፍነው ነው ያስቀመጡት፣ አቧራ እንዳይነካው።

የአገሬ ባለሀብቶች ደግሞ፣ ለበዓል ዘይትና ዶሮ ስታድሉ አይተናል፣ ካሜራችሁንም አይተናል። ተመስገን፣ ዶሮ አይጠላም። ግን እስቲ አንዳችሁ እንደ ናይጄሪያዊው ሰውዬ ለሥራ የሚሆን ገንዘብ ስጡና «የማይመለስ» በሉ፣ እኛም ቢላዋችንን እናስቀምጥ።

ዛሬ ማታ የእትዬ ልጅ ጋ ነኝ። ሽሮውን እሷ ይዛዋለች። ሽንኩርቱን ትከትፋለች፣ እኔ ካቆምንበት እቀጥላለሁ። የወፍጮውን ዋጋ ግን እንደገና መጻፍ አለብን፣ ጨምሯል።